ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

በዓለም ላይ ከሚጻፉት ሂሶች ሁሉ እጅግ አጭሩ በቪዲዮ ጨዋታ ማሸጊያ ጥግ ላይ የሚታተመው የዕድሜ ምልክት ሳይሆን አይቀርም። በአብዛኛው አውሮፓ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ በቁጥሩ ምትክ «ለሁሉም»፣ «ለአሥራዎቹ ዕድሜ»፣ «ለበሰለ ሰው» የሚሉትን ቃላት የሚወክል ፊደል ይቀመጣል። የሐያሲው ስም አይገለጽም። የፍርዱ ምክንያት በማሸጊያው ጀርባ በጥቂት ቃላት ይሰፍራል፤ ደም አለበት፣ ከባድ ጭካኔ አለበት፣ ጸያፍ ንግግር አለበት ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ቤት የገባ፣ ይህን ያህል ወላጅ አይቶት ሳያነበው ያለፈ ሂስ ለማግኘት ያዳግታል።

ስለዚህ ምልክት የሚነሣው ክርክር ዘወትር በአንድ መልክ ይቀርባል፤ ሕፃናትን ከጭካኔ ጨዋታ የመጠበቅ ኃላፊነት የወላጅ ነው ወይስ የመንግሥት? ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀመጥ ሁለት ተከራካሪዎች ብቻ ይታያሉ፤ ሦስተኛው፣ ማለትም ጨዋታውን ሠርቶ፣ አስተዋውቆና ሸጦ የሚያተርፈው ወገን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ይቆማል። ከዚህም ሌላ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው የኪነ ጥበብ ጥያቄ ይዘለላል፤ ይኸውም ቁጥሩን የሚሰጠው ሐያሲ በሥራው ውስጥ የሚያየው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደም ቀለም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ሞርታል ኮምባት» የተሰኘው የድብድብ ጨዋታ በ1992 በቺካጎው ሚድዌይ ኩባንያ ተሠርቶ ሳንቲም እየተከፈለባቸው በሚሠሩ መጫወቻዎች ወጣ። በሴፕቴምበር 1993 ወደየቤቱ ሲገባ፣ በሴጋና በኒንቴንዶ፣ በሁለቱ የጃፓን ኩባንያዎች መሣሪያዎች ላይ አንዱ ሥራ በሁለት መልክ ቀረበ። በኒንቴንዶው ቅጂ ደሙ ተወግዶ በምትኩ ግራጫ ላብ ተረጨ፤ የተሸነፈው ተፋላሚ የሚገደልበትም ትርኢት ለዘብ ተደረገ። በሴጋው ቅጂ ደሙ ተደበቀ እንጂ አልጠፋም፤ ጥቂት ቁልፎችን በቅደም ተከተል የተጫነ ሁሉ ያገኘዋል፤ ቅደም ተከተሉንም ልጆች ከአፍ ወደ አፍ አዛመቱት። በሽያጭ የበለጠው የሴጋው ሆነ። ኒንቴንዶም ትምህርቱን ለመቅሰም ጊዜ አልወሰደበትም፤ በ1994 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል ከነደሙ ለገበያ አቀረበው።

ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚመረምር ሐያሲ ቡጢው ያው ነው፤ እርግጫው ያው ነው፤ ዓላማውም ተፋላሚን መሬት ላይ ጥሎ ማሸነፍ ነው። የተለወጠው በዋናው የፈሳሹ ቀለም ነው። ታዲያ ላብ የሚያስረጨው ቡጢ ደም ከሚያፈስሰው ይልቅ ንጹሕ ነውን? ሰው ተመትቶ የማይደማበት፣ ተገድሎ ሬሳው በቅጽበት ከመስኮቱ የሚጠፋበት ጨዋታ ሞትን ዋጋ ያሳጣዋል፤ ጭካኔን ከውጤቱ ለይቶ ያሳያል። በአንጻሩ የ«ሞርታል ኮምባት» ደምም እውነትን ለመናገር የፈሰሰ አይደለም፤ በዚያ ጨዋታ የሰውን ራስ ከነአከርካሪው መንቀል የአሸናፊው ሽልማት ነው፤ ተመልካቹን ያስቃል እንጂ አያሳዝንም። እንግዲህ ሁለቱም ቅጂዎች በየፊናቸው ይዋሻሉ። የዕድሜ ምልክቱ ግን ከውልደቱ ጀምሮ በእጁ የያዘው ሚዛን የደሙን መጠን ለመመዘን እንጂ ውሸቱን ለመመዘን የተሠራ አይደለም።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 9 ቀን ሴናተር ጆሴፍ ሊበርማንና ሴናተር ኸርብ ኮል በአሜሪካ ሴኔት ስለ ጭካኔ ጨዋታዎች ይፋ ስብሰባ መሩ። ለኩባንያዎቹ የደረሳቸው መልእክት አጭር ነበር፤ ራሳችሁ ደረጃ አውጡ፣ አለዚያ መንግሥት ያወጣላችኋል። እነርሱም በ1994 የራሳቸውን ደረጃ ሰጪ ቦርድ አቋቋሙ። በ2003 አውሮፓ ተከተለች፤ ፔጊ የሚባለውን ሥርዓት የመሠረተውም የአምራቾቹ ማኅበር ነው። የሕጉ ጥንካሬ ግን ከአገር አገር ይለያያል። በጀርመን ምልክቱ ከ2003 ጀምሮ በሕግ የጸና ነው፤ በብሪታንያ ከ2012 ወዲህ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ምልክት ያለበትን ጨዋታ ከዚያ ዕድሜ በታች ላለ ልጅ የሸጠ ነጋዴ በወንጀል ይጠየቃል። በአሜሪካ ምልክቱ እስከ ዛሬ በኩባንያዎቹና በመደብሮቹ ፈቃድ የቆመ ነው።

ሐያሲው እንዴት ይሠራል? የአሜሪካው ቦርድ በማሸጊያ ለሚሸጥ ጨዋታ ምልክት ከመስጠቱ በፊት ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ተጫውቶ አይጨርስም። አሳታሚው መጠይቅ ይሞላል፤ ከሥራው ከባድ ከባዱን ትዕይንት በፊልም ቀርጾ ይልካል፤ መርማሪዎቹ ያንን አይተው ይፈርዳሉ። አንዳንዱ ጨዋታ ሥልሳ ሰዓትና ከዚያም በላይ ስለሚወስድ አሠራሩ ምክንያት የለሽ አይደለም። ነገር ግን ደራሲው ራሱ መርጦ በላከለት ገጾች ላይ ተመሥርቶ ስለ አንድ ልብ ወለድ የሚፈርድ ሐያሲ ቢገኝ፣ አንባቢ ምን ያህል ያምነዋል?

የዚህ አሠራር ድክመት በ2005 በአደባባይ ታየ። በኤዲንበራ የሚገኘው የሮክስታር ኖርዝ ሥራ «ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ሳን አንድሪያስ» በ2004 ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ ወጥቶ ነበር። በዓመቱ በጨዋታው ፕሮግራም ውስጥ ተቀብሮ የቀረ የወሲብ ትዕይንት መኖሩ ተደረሰበት፤ ከኩባንያው ውጭ ያሉ ሰዎች መክፈቻውን ሠርተው አሰራጩት። ቦርዱ ምልክቱን ወደ 18 ዓመት አሳደገ፤ ታላላቅ መደብሮችም ጨዋታውን ከመደርደሪያ አነሡ። በ17 እና በ18 መካከል ያለው አንድ የልደት በዓል ነው፤ በገበያው ግን በመሸጥና ባለመሸጥ መካከል ያለ ልዩነት ሆነ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ መንገደኛን ከመኪናው ጎትቶ አውርዶ መግደልም ሆነ በፖሊስ ላይ መተኮስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በቦታው መኖሩ ነው። በእርሱ ምክንያት ምልክቱ አልተነቃነቀም። ቁጥሩ ስለ ጨዋታው ከነገረን ይልቅ ቁጥሩን ስለሚሰጠው ኅብረተሰብ የነገረን ይበልጣል፤ ከሞት ይልቅ ዕርቃን የሚያስደነግጠው ኅብረተሰብ ነው።

ወላጅ በስሙ ከተማለበት መድረክ ሁሉ ከፍተኛው ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ከባድ ጭካኔ ያለባቸውን ጨዋታዎች ከ18 ዓመት በታች ላሉ መሸጥን የሚከለክልና እስከ 1,000 ዶላር የሚያስቀጣ ሕግ በ2005 አወጣች። ወላጅ ራሱ ገዝቶ ለልጁ መስጠቱን ሕጉ አልከለከለም። ነጋዴዎቹና አምራቾቹ ተሟገቱ፤ በጁን 27 ቀን 2011 ሕጉ በ7 ድምፅ በ2 ተሻረ። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ የቪዲዮ ጨዋታ እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም ሁሉ የሐሳብ መግለጫ ነው አሉ። ለሕፃናት የሚነበቡት የግሪም ወንድማማቾች ተረቶች ራሳቸው በጭካኔ የተሞሉ መሆናቸውንም አስታወሱ፤ የሲንደሬላን እንጀራ እኅቶች ዓይን ርግቦች ያወጡታል፤ ሃንስልና ግሬትል የያዘቻቸውን ጠንቋይ በምድጃ ያቃጥሏታል። ሕጉ ወላጅን ይረዳል የተባለውንም አልተቀበሉትም፤ ሁሉም ወላጅ የሚከለክል አይደለምና፣ ሕጉ የሚያስፈጽመው መንግሥት «ወላጅ ሊፈልገው ይገባል» ያለውን እንጂ ወላጅ የፈለገውን አይደለም ሲሉ ደመደሙ። ከተቃወሙት አንዱ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በበኩላቸው፣ በአገሪቱ መሥራቾች ዘመን ወላጅን ዘልሎ ልጅን የሚያናግር ባዕድ ለዚህ መብት አልነበረውም አሉ። ሌላው ተቃዋሚ ዳኛ ስቲቨን ብሬየር ደግሞ፣ ለ13 ዓመት ልጅ የዕርቃን ሥዕል ያለበትን መጽሔት መሸጥ ተከልክሎ፣ ያው ልጅ ሴትን አስሮ የሚያሰቃይበትንና የሚገድልበትን ጨዋታ መሸጥ የሚፈቀድበት ምክንያት ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘም።

ያሸነፈው ወገን ክርክር በፈቃድ የተለጠፈ ምልክትና ነቅቶ የሚጠብቅ ወላጅ ይበቃሉ የሚል ነበር። ለዚህ አቋም የሚገባውን ያህል ዋጋ መስጠት ተገቢ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2000 ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ልጆችን ብቻቸውን ወደ መደብር ልኮ ሲያስሞክር ከመቶው 85ቱ ለ17 ዓመት የተባለውን ጨዋታ ገዝተው ወጡ፤ በ2011 ይፋ በሆነው ሙከራ ግን ከመቶ 13 ብቻ ሆኑ። ሕግ ሳያስገድድ ባንኮኒው ተጠበቀ። ነገር ግን ያው ኮሚሽን በ2000 ያቀረበው ሪፖርት ሌላ ነገርም ይዟል፤ በጭካኔያቸው የተነሣ ለ17 ዓመት ከተባሉት መካከል ለጥናቱ ከተመረጡት 118 ጨዋታዎች 83ቱ ከዚያ ዕድሜ በታች ወዳሉ ልጆች በዓላማ ማስታወቂያ የተነዛላቸው ነበሩ። በአንድ እጅ «አይሆንህም» የሚል ምልክት እየለጠፉ በሌላው እጅ ልጁን መጥራት፣ ከዚያም ልጁ ሲመጣ «ወላጁ የት ነበር?» ብሎ መጠየቅ የዚህ ንግድ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ አፍ «የወላጅ ኃላፊነት» የሚለው ቃል ሲነገር ከተጠያቂነት ማምለጫ እንጂ ለወላጅ የተሰጠ ክብር አይደለም።

ባንኮኒው ራሱም እየጠፋ ነው። ዛሬ ጨዋታው በኢንተርኔት መስመር ቤት ድረስ ይመጣል፤ የልደት ዓመቱንም ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ልጁ ራሱ ነው።

ከሕግና ከንግድ ወደ ሥራዎቹ መመለስ ያስፈልጋል፤ የቁጥሩ ድህነት ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና። በዋርሶ የሚገኝ ኢሌቨን ቢት ስቱዲዮስ የተባለ ድርጅት በ2014 «ዚስ ዎር ኦቭ ማይን» የሚል ጨዋታ አወጣ፤ «ይህ የኔ ጦርነት» ማለት ነው። መነሻው ከ1992 እስከ 1996 የቆየው የሳራየቮ ከበባ ነው። በጦርነት ጨዋታዎች ልማድ ተጫዋቹ ወታደር ነው፤ እዚህ ግን በፈረሰ ቤት የተጠለሉ ሰላማውያን ሰዎችን ያስተዳድራል። ፓቭሌ የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ብሩኖ የምግብ ሥራ ያውቃል፤ ካቲያ ጋዜጠኛ ነበረች። ቀን ቀን አልሞ ተኳሽ ስላለ ከቤት አይወጣም፤ ምድጃ ይሠራል፣ ውኃ ይጣራል፣ ቁስል ይታሰራል። ሌሊት አንዱ ምግብና መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ከሚደርስባቸው ቤቶች በአንዱ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት አሉ፤ መሣሪያ የላቸውም፤ መድኃኒት ግን አላቸው። መድኃኒቱን መውሰድ ይቻላል፤ የሚከለክል የለም። የወሰደው ሰው ተመልሶ ሲገባ ግን በኀዘን ይዋጣል፤ ጓደኞቹም ድርጊቱን ይሰማሉ፤ ቤቱ ይከብዳል። ጨዋታው ነጥብ አይቀንስም፣ አይሰብክም፤ ሰውየው ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ብቻ ያሳያል።

ሥራው እንከን የለሽ አይደለም። ጥቂት ቀን የተጫወተ ሰው እንጨቱን፣ ጣሳውንና ፋሻውን መቁጠር ይለምዳል፤ ያን ጊዜ ኀዘኑም እንደ እንጨቱ በቁጥር የሚያዝ ዕቃ ይሆናል፤ ረኃብ ወደ ሒሳብ ይለወጣል። ይህም ሆኖ መግደልን ከውጤቱ ጋር አጣብቆ ያሳየ ሥራ ነው። በ2013 የወጣው «ግራንድ ቴፍት አውቶ 5» ደግሞ ተጫዋቹ ከመሣሪያዎች መካከል መርጦ የታሰረን ሰው በገዛ ጣቱ እንዲያሰቃይ የሚያደርግ ትዕይንት አለው፤ ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ጉዞው ይቀጥላል። እነዚህ ሁለት ሥራዎች በአሜሪካ ማሸጊያ ላይ የያዙት ፊደል አንድ ነው፤ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ። ፊደሉ ሁለቱም ጭካኔ እንዳለባቸው በትክክል ተናግሯል። አንደኛው ጭካኔን የሚያስለቅስ፣ ሌላኛው የሚያዝናና መሆኑን ግን መናገር አይችልም።

በጁን 2020 የፖላንድ መንግሥት «ዚስ ዎር ኦቭ ማይን» ለተማሪዎች በሚመከሩ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባ አስታወቀ። ነገር ግን የተፈቀደው 18 ዓመት ለሞላቸው ብቻ ሆነ፤ ምልክቱ ያዛልና። ስለ ከበባና ስለ ረኃብ መምህሩ አጠገቡ ሆኖ ሊያነጋግረው የሚችለው የ16 ዓመት ተማሪ በሩ ላይ ቀረ። መምህር ባለበት ክፍል ቁጥሩ መምህሩን የሚተካ ከሆነ መምህሩ ለምን ያስፈልጋል? የቦታው ዕድል የተገኘው፣ ለምን ተገደለ፣ ማን ያለቅስለታል፣ ተጫዋቹ ሌላ ምርጫ ነበረውን፣ ጨዋታውስ ያን ምርጫ ለምን ነፈገው የሚሉትን ጥያቄዎች ለማንሣት ነበር። የሥነ ጽሑፍ መምህር በልብ ወለድ ላይ በየቀኑ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ወላጅ ኃላፊነቱን ይወጣ ሲባልም ትርጉሙ ከዚህ የራቀ ሊሆን አይገባም። ዳኛ ስካሊያ ተረትን ለምስክርነት መጥራታቸው ትክክል ነበር፤ የተረት ዓለም በእርግጥ ጨካኝ ነው። በኢትዮጵያም ሕፃን የሚበላ ጭራቅ፣ አጥንት የሚቆረጥም ጅብ የሌለበት የማታ ተረት ጥቂት ነው። ዳኛው የዘነጉት ተራኪዋን ነው። አያት እሳት ዳር ተቀምጣ ስትተርት የልጁን ዓይን ታያለች፤ ሲፈራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ጅቡን ወደ ጫካው ትመልሰዋለች፤ ሳቅ በማያስፈልግበት ሲስቅ «ምን ያስቅሃል?» ትለዋለች። ጭካኔው በሰው በኩል አልፎ ነው ልጁ ጋ የሚደርሰው። በቪዲዮ ጨዋታ ይህ ሰው የለም። ልጁ ቢፈራም፣ ቢደነዝዝም፣ ከእኩለ ሌሊት በላይ ቢቆይም ማሽኑ ፊቱን አያይም።

ወላጁ ያንን ባዶ ቦታ ይሙላ ማለት ቀላል ነው፤ መሙላቱ ግን በፊት ያልነበረ ችግር አለው። ፊልም ሁለት ሰዓት ነው፤ አጠገብ ተቀምጦ ማየት ይበቃል። ጨዋታ ግን እጅ ካልተማረ አይከፈትም፤ መቆጣጠሪያውን የጨበጠ አባት የመጀመሪያው ደጃፍ ላይ ሦስት ጊዜ ሞቶ ለልጁ ይመልስለታል። ልጅ ማንበብ የሚችልበት፣ ወላጅ መሃይም የሆነበት ኪነ ጥበብ ነው። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በእስራኤል ከተሞች በሚኖሩ ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተሰቦች ዘንድ ነገሩ ሌላ ፈርጅ ይጨምራል፤ በመሥሪያ ቤትና በሐኪም ቤት ለእናቱ የሚያስተረጉመው ልጅ፣ የማሸጊያውንም ጽሑፍ የሚተረጉምላት እርሱ ራሱ ነው። ፍርዱን ለዳኛው የሚያነበው ተከሳሹ ነው እንደ ማለት ነው። ከዚህ አኳያ ቀላልና በግልጽ የሚታይ ቁጥር ለእንዲህ ያለች እናት ዋጋ አለው፤ ቁጥሩን በጠቅላላው የሚያጣጥሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ በላይ ለማንበብ ጊዜና ቋንቋ ያላቸው ናቸው።

ቁጥሩ የማያየው ሌላም አለ። «ፎርትናይት» ደም የለበትም፤ የተሸነፈው በብርሃን ተነጥቆ ይጠፋል፤ በአውሮፓም 12 የሚል ምልክት ተሰጥቶታል። ሠሪው ኤፒክ ጌምስ ግን በዲሴምበር 2022 በአሜሪካ 520 ሚልዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። 275ቱ ሚልዮን የሕፃናትን የግል መረጃ በሚመለከት ሲሆን፣ ልጆች ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር የሚነጋገሩበት መስመር ሳይጠየቅ ክፍት ሆኖ መቆየቱም ከክሱ ነጥቦች አንዱ ነበር። 245ቱ ሚልዮን ተጫዋቾች ሳያስቡት እንዲገዙ በተደረገበት አሠራር ምክንያት ለገዢዎች የሚመለስ ነው። የደሙ ሚዛን ለዚህ ሁሉ ምንም አላነሣም።

በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ደግሞ ብዙ ልጆች ጨዋታውን የሚያውቁት በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ነው። ክፍያው በግጥሚያ ወይም በሰዓት ነው። ከእነዚህ ቤቶች አዘውትሮ የሚሰማው የእግር ኳስ ጨዋታ ጩኸት ነው፤ ተኩሱም ግን አይጠፋም። ባለሥልጣናት ከትምህርት ቤት አጠገብ ያሉትን ከጫትና ከሺሻ ቤቶች ጋር ደምረው የሚዘጉበት ጊዜ አለ፤ ልጁ ግን በሩ ሲዘጋበት ያንኑ ጨዋታ በስልክ ያገኘዋል። ባልተዘጉት ውስጥ ጨዋታው ማሽኑ ላይ ተጭኖ ይጠብቃል እንጂ ማሸጊያ ይዞ የሚገባ የለም፤ የአሜሪካው ፊደልም ሆነ የአውሮፓው ቁጥር እዚያ አይታይም። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ደብተራቸውን እንደያዙ ለሚገቡት ልጆች የቱ ጨዋታ እንደሚከፈት የሚወስነው፣ ሒሳብ የሚቀበለው፣ ከእነርሱ በጥቂት ዓመት የሚበልጠው ወጣት ነው።